ኤልሳትን ከቤት መፈተን፦ አዳራሹን የምታዘጋጁት እናንተ ናችሁ

ኤልሳትን፣ ማለትም የአሜሪካ የሕግ ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተናን፣ ከቤት ሆኖ መፈተን ምቹ ነው የሚል ሰው ግማሹን እውነት ብቻ ነው የሚናገረው። መንዳት፣ መኪና ማቆሚያ መፈለግ፣ በማያውቁት ክፍል ከማያውቁት ሰው አጠገብ መቀመጥ ይቀራል። ነገር ግን የፈተና ማዕከሉ ሠራተኞች የሚሠሩት ሥራ በሙሉ በተፈታኙ ትከሻ ላይ ይወድቃል። ኮምፒውተሩን የሚፈትሸው፣ መስመሩን የሚያረጋግጠው፣ በሩን የሚዘጋው፣ ቤተሰቡን ዝም የሚያሰኘው እሱ ራሱ ነው። ይህ ግምገማ ስለ ጥያቄዎቹ ክብደት ብዙ አይናገርም። የሚያየው አገልግሎቱን ነው፦ ምን ይጠይቃል፣ የት ላይ ይሰናከላል፣ ለማንስ ይበጃል።

መጀመሪያ የጊዜውን ነገር እናንሳ፤ ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ፈተናውን የሚያዘጋጀው ኤልሳክ የሚባለው የሕግ ትምህርት ቤቶች የቅበላ ምክር ቤት ነው፤ መቀመጫው ፔንሲልቬንያ ውስጥ ኒውታውን ነው። ከቤት መፈተን የተጀመረው በ2020 በኮሮና ምክንያት ሲሆን፣ ያኔ ፈተናው ወደ ሦስት ክፍል አጥሮ ኤልሳት ፍሌክስ ይባል ነበር። ከኦገስት 2021 ጀምሮ አራት ክፍል ሆነ። ከኦገስት 2023 ጀምሮ ደግሞ ፈተና የሚያስፈትነው ድርጅት ፕሮሜትሪክ ቁጥጥሩን ተረክቦ ተፈታኙ ከቤቱ ወይም ከማዕከል እንዲመርጥ ተደረገ። ይህ ምርጫ ለሁሉም ክፍት ሆኖ አልቀጠለም። በጥያቄዎች ስርቆት ስጋት ኤልሳክ በ2025 በቻይና ዋና ምድር ከቤት መፈተንን ለማቆም ወሰነ። ቀጥሎም ከኦገስት 2026 ጀምሮ ፈተናው በመሠረቱ በማዕከል እንደሚሰጥ፣ ከቤት የሚፈተኑት የጤና ምክንያት ያላቸው ወይም ማዕከል መድረስ በጣም የሚከብዳቸው ብቻ እንደሚሆኑ አስታወቀ። ስለዚህ የሚከተለው በይበልጥ የሚጠቅመው ለእነዚህ ሰዎች ነው። አብዛኛው ግን ከዋናው ተለይቶ የሚሰጠውን የጽሑፍ (የድርሰት) ፈተና ከቤት ለሚሠራ ሁሉም ይሠራል፤ ስለዚያ መጨረሻ ላይ እንመጣለን።

ከአገር ቤት በሕግ ዲግሪ ይዞ የመጣ ሰው ደግሞ አንድ ነገር አስቀድሞ ይወቅ። ለኤልኤልኤም (ለሕግ ማስተርስ) የሚያመለክት ሰው በአብዛኛው ኤልሳት አይጠየቅም፤ የሚጠየቀው እንደ ቶፍል ወይም አይኤልትስ ያለ የእንግሊዝኛ ፈተና ነው። ኤልሳት የጄዲ፣ ማለትም የአሜሪካ ጠበቆች የሚማሩት መሠረታዊ የሕግ ዲግሪ፣ መግቢያ ነው። ለጄዲም ቢሆን ብዙ ትምህርት ቤቶች ጂአርኢን (የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተናን) ይቀበላሉ፣ እሱም ከቤት የሚሰጥበት መንገድ አለው። ይህን ሳያጣሩ ለኤልሳት ወራትና ገንዘብ ማጥፋት ያሳዝናል።

ስለ ገንዘቡ፦ ለ2025–2026 ዘመን የኤልሳት ምዝገባ 248 ዶላር ነበር፣ የጽሑፍ ፈተናውም በዚያው ይጠቃለላል። ማስረጃ ሰብስቦ ለትምህርት ቤቶች የሚልከው አገልግሎት 215 ዶላር፣ ለእያንዳንዱ ትምህርት ቤት የሚላክ ሪፖርት 45 ዶላር ነበር። ከቤት በመፈተናችሁ የሚቀነስላችሁ የለም። አቅም ለሌለው ከክፍያ ነፃ የመሆን ፈቃድ አለ። ነገር ግን ፈቃዱ ከመመዝገባችሁ በፊት መጽደቅ አለበት፤ የተከፈለ ገንዘብ በኋላ አይመለስም። በዚህ ቅደም ተከተል ስህተት ብቻ ገንዘባቸውን የሚያጡ ሰዎች መኖራቸው ያስቆጫል።

የፈተናው ቅርጽ ቀላል ነው። አራት ክፍሎች አሉት፣ እያንዳንዱ 35 ደቂቃ ነው፣ ከሁለተኛው በኋላ 10 ደቂቃ እረፍት አለ። ከኦገስት 2024 ጀምሮ ሎጂክ ጌምስ የሚባለው የእንቆቅልሽ ክፍል ቀርቶ፣ ነጥብ የሚያዝባቸው ሁለት የሎጂካል ሪዝኒንግ (አጫጭር ክርክሮችን የመመዘን) እና አንድ የንባብ ክፍል ናቸው። አራተኛው ነጥብ አይያዝበትም፣ የቱ እንደሆነ ግን አይነገራችሁም። ውጤቱ ከ120 እስከ 180 ነው። ለተሳሳተ መልስ የሚቀነስ ስለሌለ ባዶ የሚተው ጥያቄ ሊኖር አይገባም። በሎውሃብ፣ በኤልሳክ የልምምድ ድረ ገጽ፣ ላይ በነፃ የሚገኙት የልምምድ ፈተናዎች ከእውነተኛው ገጽ ጋር ስለሚመሳሰሉ፣ ማድመቂያውን፣ የመልስ መሰረዣውንና ጥያቄን በኋላ ለመመለስ ምልክት የሚያደርገውን ባንዲራ እዚያው ተለማመዱ። ሰዓቱን መደበቅ ይቻላል፤ 5 ደቂቃ ሲቀር ግን ማስጠንቀቂያው ይመጣል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ወደ ኮምፒውተሩ እንግባ። ዊንዶውስ ወይም ማክ ያለው ላፕቶፕ ወይም ዴስክቶፕ ያስፈልጋል፤ ታብሌት፣ ስልክና ክሮምቡክ አይሆኑም። ስክሪኑ አንድ ብቻ ነው። ሁለተኛ ስክሪን ካላችሁ ማጥፋቱ አይበቃም፣ ገመዱን ንቀሉት፤ ፕሮግራሙ የሚያየው መሰካቱን ነው። ላፕቶፑ ከዶኪንግ ስቴሽን ወጥቶ በቀጥታ ከኤሌክትሪክ ጋር ይያያዝ። በባትሪ መፈተን አይመከርም፤ ማሽኑ ኃይል ለመቆጠብ ብሎ ራሱን ሲያዘገይ ቪዲዮው ይንቀጠቀጣል።

አብዛኛው ችግር የሚመነጨው ከመሥሪያ ቤት ላፕቶፕ ነው። ፕሮፕሮክተር የሚባለው የፕሮሜትሪክ ፕሮግራም በማሽኑ ላይ መጫን አለበት፣ ሲሠራም ሌሎች ፕሮግራሞችን ይከለክላል። የመሥሪያ ቤት ማሽን ደግሞ ያለ አስተዳዳሪ ፈቃድ ምንም አያስጭንም። ቢጫንም የድርጅቱ ፋየርዎል ወይም ቪፒኤን ግንኙነቱን ይዘጋዋል። ሙከራው ዛሬ ቢያልፍ እንኳ ነገ የድርጅቱ ሥርዓት ራሱን ሲያድስ ሊወድቅ ይችላል። የራሳችሁ ማሽን ከሌላችሁ ከዘመድ ተዋሱ። የተዋሳችሁትን ደግሞ ቢያንስ ለሳምንት ያዙት፤ የፈተናው ዕለት ጠዋት የመጣ ላፕቶፕ የማታውቁት ነገር ሁሉ አለበት።

ማክ ያላችሁ፣ ሲስተም ሴቲንግስ ውስጥ ፕራይቬሲ የሚለውን ከፍታችሁ ለፕሮግራሙ የካሜራ፣ የማይክሮፎንና የስክሪን ሪከርዲንግ ፈቃድ ስጡት። ፈቃዱ የሚሠራው ብዙውን ጊዜ ፕሮግራሙ ተዘግቶ ሲከፈት ነው፤ ስለዚህ ከቀናት በፊት ይሁን። ዊንዶውስ ያላችሁ፣ የቀሩ አፕዴቶችን ከሁለት ቀን በፊት ጨርሱና ማሽኑን ዳግም አስነሱት። ከዚያ በኋላ ዙም፣ ቲምስ፣ ዲስኮርድ፣ ቲምቪወር፣ ኤኒዴስክ ሙሉ በሙሉ መዘጋት አለባቸው። መስኮቱን መዝጋት አይበቃም፤ ከሰዓቱ አጠገብ ባለው ጥግ ተደብቀው መሥራት ይቀጥላሉ። የዴስክቶፕ ቴሌግራምም እንዲሁ ነው፤ የቡድን መልእክት ብቅ ሲል፣ በካሜራና በስክሪን ከሩቅ የሚከታተላችሁ ተቆጣጣሪ የሚያየው ከውጭ የመጣ ጽሑፍ ነው። በአማርኛ የምትጽፉ ሰዎች ኪይማን ወይም ሌላ የፊደል ፕሮግራም ከበስተጀርባ የሚሠራ ከሆነ ዝጉት። የፊደል መቀየሪያው በድንገት ከተነካ በድርሰት መካከል ግዕዝ ፊደል ሲመጣ መደናገጥ አይቀርም።

ካሜራው ላይ ትንሽ ቆም እንበል። ክፍሉን ዙሪያውን፣ ጠረጴዛውን ከላይም ከሥርም ማሳየት ስላለባችሁ፣ ረጅም ገመድ ያለው የዩኤስቢ ካሜራ ሥራውን በእጅጉ ያቀልለዋል። የላፕቶፕ ካሜራ ብቻ ያለው ሰው ሙሉውን ማሽን እያነሳ ይዞራል፤ የቻርጀሩ ገመድ ይጎትተዋል፣ ስክሪኑን ማየት ስለማይችል የተቆጣጣሪውን ጽሑፍ አያነብም። ሁለት ካሜራ ከተገጠመ ግን ፕሮግራሙ የትኛውን እንደመረጠ አስቀድማችሁ አረጋግጡ።

ኢንተርኔቱን በተመለከተ ፕሮሜትሪክ የሚጠይቀው ዝቅተኛ ፍጥነት 0.5 ሜጋቢት በሰከንድ ነው። ይህ ቁጥር ትንሽ ነው ብላችሁ አትዘናጉ። ፈተናው ላይ የሚመጣው ጽሑፍ ቀላል ነው፤ ከባዱ ከእናንተ የሚወጣው ነው፣ የፊታችሁ፣ የድምፃችሁና የስክሪናችሁ ምስል ያለማቋረጥ ይላካል። ስለዚህ መታየት ያለበት የመላኪያ ፍጥነቱ ነው፤ ከፍጥነቱም ይልቅ ለጥቂት ሰከንዶች መቆራረጡ ነው የሚጎዳው። ከራውተሩ በገመድ ተገናኙ። ገመድ ከሌለ ጠረጴዛውን ራውተሩ ወዳለበት ክፍል አምጡት። ቤት ውስጥ ያለ ሰው ፊልም እንዳይከፍት፣ ልጆች ጌም እንዳይጫወቱ ለእነዚያ ሦስት ሰዓታት ተነጋገሩ። የሥርዓት ፍተሻውን በፈተናው ሰዓት፣ በዚያው ወንበር፣ በዚያው ማሽን ሥሩት። እኩለ ሌሊት ላይ ያለፈ ፍተሻ፣ ሰፈሩ ሁሉ መስመር ላይ ባለበት ሰዓት ምን እንደሚሆን አይነግራችሁም።

ከአዲስ አበባ የሚፈተን ሰው ሁለት ተጨማሪ ነገር አለበት። አንደኛው መብራት ነው። ላፕቶፑ ባትሪ ቢኖረውም ራውተሩ የለውም፤ መብራት እንደጠፋ የሚሞተው እሱ ነው። ለራውተሩ ብቻ የሚሆን ትንሽ ዩፒኤስ (መጠባበቂያ ባትሪ) ይህን ክፍተት ይሸፍናል። ሁለተኛው ሰዓት ነው። ማረጋገጫው ላይ 8:00 ኤኤም የሚለው በእኛ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው። ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ለቤተሰብ «ስምንት ሰዓት ፈተና አለኝ» ብሎ መናገር በዚያ ሰዓት እንግዳ ሊያስገባ ይችላል። የተጻፈውን ሰዓት ወደ ሀበሻ አቆጣጠር ቀይራችሁ በሩ ላይ ለጥፉ። አገራችሁ ከቤት መፈተን ከሚፈቀድባቸው መካከል መሆኑን ደግሞ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት በምዝገባው ገጽ እዩ።

ክፍሉ ግድግዳና የሚዘጋ በር ያለው መሆን አለበት፤ ፈተናው እስኪያልቅ ማንም አይገባበትም። የሁለት ዓመት ሕፃን ገብቶ «እማዬ» ቢል ለተቆጣጣሪው ሦስተኛ ሰው ነው። የሀበሻ ቤት ደግሞ ሳይደወል የሚገባበት ቤት ነው፤ ቅዳሜ ቡና ሊጠጣ የመጣ ዘመድ በሩን አንኳኩቶ አይመለስም፣ ይከፍተዋል። ከውስጥ የሚቆለፍ በር ምረጡ፤ ቤት ውስጥ አንድ ሰው በር ጠባቂ ይሁን። ግድግዳ ላይ ጽሑፍ ያለበት ወረቀት፣ ነጭ ሰሌዳ፣ የልጆች የፊደል ገበታ ይውረድ ወይም ይሸፈን። መጻሕፍት ከእጃችሁ ይራቁ። ብርሃኑ ከፊታችሁ ይምጣ፤ መስኮት ከኋላችሁ ከሆነ ፊታችሁ ጥቁር ጥላ ሆኖ ይታያል፣ ተቆጣጣሪውም ቦታ እንድትቀይሩ ያዛል። ጠረጴዛው ላይ መታወቂያ፣ ባዶ መሞከሪያ ወረቀት፣ እርሳስና የተፈቀደ መጠጥ እንጂ ሌላ አይቀመጥም። የወረቀቱ ብዛትና የመጠጡ ዕቃ በመመሪያው ይወሰናል፣ የወራችሁን መመሪያ አንብቡ። ድምፅ ለሚረብሸው ስፖንጅ የጆሮ መድፈኛ ይፈቀዳል፤ የጆሮ ማዳመጫ ግን አይፈቀድም።

ስም! ሐበሾችን ከሁሉ በላይ የሚያሰናክለው ይኸው ነው። የራስ፣ የአባትና የአያት ስም ያለን ሕዝቦች ነን፤ አንዱ ሰነድ ላይ የመጨረሻ ስም ሆኖ የተጻፈው የአባት ስም ነው፣ ሌላው ላይ የአያት። አንዱ ላይ በአንድ ኤስ፣ ሌላው ላይ በሁለት። የኤልሳክ አካውንት ላይ ያለው የመጀመሪያና የመጨረሻ ስም ከምታሳዩት መታወቂያ ጋር መመሳሰል አለበት። ጓደኛ የሚጠራችሁን ወይም ዲፕሎማ ላይ ያለውን ትታችሁ፣ በፈተናው ቀን በእጃችሁ የሚሆነው መታወቂያ ላይ የታተመውን ፊደል በፊደል መዝግቡ። ማስተካከያ ቀናት ይወስዳልና ጠዋት ላይ አይሞከርም። በዕለቱ ወደ ፕሮፕሮክተር የምትገቡትም በማረጋገጫ ቁጥሩና በመጨረሻ ስማችሁ የመጀመሪያ አራት የእንግሊዝኛ ፊደላት ነው። የትኛው ስም እንደ መጨረሻ እንደተያዘ የማያውቅ ሰው እዚያው በር ላይ ይቆማል። መታወቂያው ፎቶ ያለበት፣ የመንግሥትና በእጅ የሚያዝ ካርድ ወይም ፓስፖርት ይሁን፤ በስልክ ላይ ያለ ምስል አይሠራም።

የቀጠሮ መግቢያ ከሰዓቱ 30 ደቂቃ ቀድሞ ይከፈታል። በመጀመሪያዋ ደቂቃ ግቡ። መጀመሪያ የመግቢያ ሠራተኛ መታወቂያውን፣ ክፍሉንና እናንተን ይፈትሻል። እጅጌ ተሰብስቦ ክንድ ይታያል፣ ኪስ ይገለበጣል፣ ሱሪ ከቁርጭምጭሚት ከፍ ይላል፣ መነጽር ወልቆ ከካሜራ ፊት ይዞራል፣ ጆሮ ከፀጉር ሥር ይገለጣል። ሰዓት፣ ጌጥና ኮፍያ ያለው ሹራብ ቀድማችሁ አውልቁ። በሃይማኖት ምክንያት የሚለበስ ነጠላ ወይም ሒጃብ ለሚያደርጉ፣ እንዲሁም ማተብ ለሚያስሩ፣ ምንነቱን በአጭር እንግሊዝኛ ለመናገር ተዘጋጁ። ጥያቄው ሲመጣ መልሱ ቢዘጋጅ ፍተሻው በሰላም ያልፋል። የተቆጣጣሪው ንግግር ካልገባችሁ አትገምቱ፣ በቻት እንዲጽፍላችሁ ጠይቁ።

ፈተናው ከተጀመረ በኋላ ከአማርኛ ተናጋሪ ተፈታኝ ትልቅ ጥንቃቄ የሚጠይቀው ከንፈር ነው። በሁለተኛ ቋንቋ ከባድ አንቀጽ ሲነበብ ከንፈር ሳይታወቅ ይንቀሳቀሳል፣ አንዳንዴም በሹክሹክታ ይነበባል። ድምፅ አውጥቶ ማንበብ ክልክል ነው፤ ከንፈር ማንቀሳቀስም ከሌላ ሰው ጋር መነጋገር ይመስላል። ተቆጣጣሪው ሲያስጠነቅቅ ሐሳብ ይበተናል፣ ሰዓቱም አይጠብቅም። ይህ በአንድ ቀን የሚተው ልማድ አይደለም። በልምምድ ወራት ራሳችሁን በስልክ ቪዲዮ ቅረጹና እዩ፤ ከንፈራችሁ የሚንቀሳቀስ ከሆነ በጣት ወይም በእርሳስ ጫፍ መስመሩን በስክሪኑ ላይ እየተከተላችሁ በዝምታ ማንበብን ተለማመዱ። ወደ ጣሪያ ወይም ወደ ጎን አተኩሮ ማሰብም እንዲሁ ጥርጣሬ ያስነሳል። እጅን አፍ ላይ መጫን፣ ከካሜራው ውጭ ጎንበስ ማለትም እንደዚያው።

የ10 ደቂቃው እረፍት በወረቀት ላይ እንጂ በተግባር 10 አይደለም። ክፍሉን ለቅቆ መውጣት ይቻላል፤ ሲመለሱ ግን ፍተሻው እንደገና ይደረጋል። በስድስተኛው ወይም በሰባተኛው ደቂቃ ወንበራችሁ ላይ ሁኑ። ስልክ አትክፈቱ።

መስመር ቢቋረጥስ? ከክፍሉ ሳትወጡ ፕሮግራሙን ዝጉና በዚያው የማረጋገጫ ቁጥር እንደገና ግቡ። ቁጥሩን ግን ከየት ታመጣላችሁ? መሞከሪያ ወረቀቱ ባዶ መሆን አለበት፣ ስልኩም ክፍሉ ውስጥ የለም። ስለዚህ ቁጥሩንና የድጋፍ ስልኩን በወረቀት ጽፋችሁ ከተዘጋ ስልካችሁ ጋር ከበሩ ውጭ አስቀምጡ፤ በር ጠባቂያችሁ የት እንዳለ ይወቅ። ለመውጣት ከተገደዳችሁ ስትመለሱ ለተቆጣጣሪው ወዲያው ተናገሩ። የተቋረጠበትን ክፍል፣ የጥያቄ ቁጥርና ሰዓት አስታውሱ፤ ከፈተናው በኋላ ለኤልሳክ የሚላከው አቤቱታ በእነዚህ ዝርዝሮች ነው የሚመዘነው፣ በዚያው ዕለት መላክም ይሻላል። «ኢንተርኔቱ አስቸግሮኝ ነበር» የሚል ደብዳቤ የትም አያደርስም።

ይህ ሁሉ ለምን ያሳስባል ቢባል፣ ሙከራው የተቆጠረ ስለሆነ ነው። ኤልሳት ውጤት በሚላክበት የአምስት ዓመት ዘመን ውስጥ 5 ጊዜ፣ በዕድሜ ልክ ደግሞ 7 ጊዜ ብቻ ይፈተናሉ፤ የተሰረዘ ውጤትም ይቆጠራል። ክፍሉ ያልተዘጋጀ ሰው ፈተናውን ከጀመረ አንድ ዕድል አቃጥሏል።

እንደ አገልግሎት ሲመዘን፣ የራሱ ማሽን፣ የሚዘጋ ክፍልና የማይቆራረጥ መስመር ላለው ሰው ከቤት መፈተን ጥሩ ነው፤ በተለይ ለታመመ፣ ለምታጠባ እናት፣ ማዕከሉ ብዙ ሰዓት ለሚርቀው። ከሦስቱ አንዱ ለጎደለው ግን ማዕከሉ ይበልጣል። እዚያ ማሽኑ ቢበላሽ የሌላ ሰው ችግር ነው፣ እዚህ የእናንተ። አንድ ክፍል ቤት ውስጥ አራት ሆነው የሚኖሩ ሰዎች፣ የሩቅ ማዕከል ቢሆንም ሌሊቱን ዘመድ ቤት አድረው ቢሄዱ የተሻለ ነው። ተጨማሪ ጊዜ ወይም ሌላ ልዩ ድጋፍ የሚያስፈልገው ሰው የሐኪም ማስረጃውን ቀደም ብሎ ይሰብስብ፤ የማመልከቻው ገደብ ከፈተናው ሳምንታት በፊት ይዘጋል።

የቀረው የጽሑፍ ፈተናው ነው። ከዋናው ተለይቶ፣ በራሳችሁ ጊዜ፣ ከቤት የሚሠራ ነው። 15 ደቂቃ ለሐሳብ ማደራጃ፣ 35 ደቂቃ ለመጻፍ ይሰጣል። የሚከፈተው ከፈተናው 8 ቀን በፊት ነው። እዚህ በቀጥታ የሚያናግራችሁ ሰው የለም፤ ካሜራው፣ ማይክሮፎኑና ስክሪኑ ይቀረጻሉ፣ ቀረጻው በኋላ ይታያል። ማንም ስለማያስጠነቅቅ የክፍሉን ዙሪያ ቀስ ብላችሁ፣ ጥግ ሳታስቀሩ ቅረጹ፤ የተጣደፈ ቀረጻ ተቀባይነት ሊያጣ ይችላል። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚፈተን ሰው ይህን የጽሑፍ ፈተና ካልጨረሰ የኤልሳት ውጤቱ አይለቀቅለትም። ብዙዎች ዋናውን ፈተና ጨርሰው ሲያርፉ ይህ ይረሳቸዋል፣ ውጤት የሚለቀቅበት ቀን ደርሶ ገጹ ባዶ ሲሆን ነው የሚያስታውሱት። ክፍሉና ማሽኑ ተዘጋጅተው ሳሉ፣ ከዋናው ፈተና በፊት ባሉት በእነዚያ 8 ቀናት ውስጥ ጨርሱት፤ ለዋናው ዕለትም ካሜራው፣ ማይክሮፎኑና በሩ መሥራታቸውን በዚያው ታያላችሁ።